የጥንግና የቴኒስ ታሪክ

ጨዋታ የሌለው ሕዝብ በዓለም ላይ አይገኝም። ገበሬው ሞፈሩን፣ ወታደሩም ጋሻውን ሲያስቀምጥ ይጫወታል። እረኛም ከብቱ ሲሰማራለት ዱላውን ይዞ ይጫወታል። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ስለ ጦርነትና ስለ ንግሥና ሲጽፉ ስለ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን በተመካከርን ጊዜ፣ ይህን ዝምታ በጥቂቱ ለመስበር አሰብን። ስለዚህ ሁለት የኳስ ጨዋታዎችን መረጥን። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣው ቴኒስ ነው። ሁለተኛው አባቶቻችን ያወረሱን የገና ጨዋታ ነው።

ሁለቱን ማስተያየታችን እንዲያው ለጨዋታ ያህል አይደለም። አንደኛው ሕጉ ስለ ተጻፈለት ዓለምን ዞረ፤ ሆኖም ብዙ ዘመን በሩን ለድኻና ለጥቁር ሰው ዘግቶ ቈየ። ሁለተኛው ሜዳውን ለጌታም ለሎሌም ከፍቶ ኖረ፤ ሆኖም ሕጉ በሰው ልብ ብቻ ስለ ተቀመጠ ሽማግሌው ባለፈ ቊጥር አብሮ ያልፋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱ ጨዋታዎች አንዱ ከሌላው የሚማሩት አለና ታሪካቸውን በትዕግሥት ተከተል። የውጭውን አገር ታሪክ ስንጽፍ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አድርገነዋል።

በመጀመሪያ ስለ ራሳችን እንናገር። በደጋው የአገራችን ክፍል፣ በእኛም በወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ሲደርስ ጐበዞች ጫፉ ቈልመም ያለ ዱላ ይቈርጣሉ። ኳሱ ጥንግ ወይም ሩር ይባላል። ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከቆዳ ተድቦልቡሎ ይሠራል። ጨዋታው ከልደት በዓል ጋራ የተያያዘበትን ምክንያት አባቶች ሲናገሩ፣ የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ይላሉ። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የላይኛው መንደር ከታችኛው፣ ወይም ያገባው ካላገባው ይገጥማል። ጥንጉን በተቃራኒው ወገን ዳርቻ ያሳለፈ አሸናፊ ይሆናል።

የገና ሜዳ በኖራ የተሰመረ ወሰን አልነበረውም። ወሰኑ ወንዙ፣ ገደሉ ወይም የእርሻው ዳር ነበር። የተጫዋቹም ቊጥር እንደ መንደሩ ሰው ብዛት ነው። ጠብ ቢነሣ የሚዳኙት ሽማግሌዎች ናቸው። ሲያልቅም አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም እየነካካ ይዘፍናል፤ ከዚያም በአንድነት ይበላል፤ ይጠጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ላይ አለመቈጣቱ ነው። በሌላው ቀን አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሎሌ፣ በገና ቀን የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢመታው እንኳ ቅጣት አይደርስበትም። በአዲስ አበባም ጃንሜዳ ይህ ጨዋታ ሲካሄድበት የኖረ ስፍራ ነው። ክፍሎች በጥብቅ በተለያዩበት በዚያ ዘመን፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ሰውን በጕልበቱና በብልሃቱ ብቻ የሚመዝን ሜዳ መኖሩ ታላቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቴኒስ እንሻገር። የቴኒስ አባት በፈረንሳይ አገር በመካከለኛው ዘመን ይጫወቱት የነበረ፣ ትርጓሜው የመዳፍ ጨዋታ የሆነ ጨዋታ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው መጀመሪያ ኳሱን የሚመቱት በመዳፋቸው ነበር። ኋላ መዳፍ ቢቃጠልባቸው ጓንት አጠለቁ፤ ቀጥሎም በጅማት የተወጠረ ራኬት አበጁ። ኳሱ በጠጕርና በሱፍ የተጠቀጠቀ ስለ ነበረ እምብዛም አይነጥርም። ስለዚህ በሣር ላይ ሳይሆን በግንብ በተከበበ አዳራሽ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ቴኒስ የሚለው ስምም ኳሱን የሚመታው ሰው ለባላጋራው ከሚናገረው፣ «እንካ ያዝ» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል እንደ ወጣ ይነገራል።

አዳራሽ ለመገንባት ገንዘብ ያስፈልጋልና ይህ ጨዋታ የነገሥታትና የመኳንንት ሆነ። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በሐምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥቱ ይጫወቱት ነበር። ነገር ግን ታሪክ መልሶ ይህን የመኳንንት አዳራሽ ለሕዝብ መሣሪያ አደረገው። በ1789 ዓ.ም. ሰኔ 20 ቀን የፈረንሳይ ሕዝብ እንደራሴዎች በቬርሳይ የመሰብሰቢያ ቤታቸው ተዘግቶ ቢያገኙት፣ በአቅራቢያው ወደ ነበረው የኳስ ጨዋታ አዳራሽ ገቡ። በዚያም ለአገራቸው ሕገ መንግሥት ሳያቆሙ እንዳይበተኑ ተማማሉ። በታሪክ ትምህርታችን የቴኒስ ሜዳ ቃለ መሐላ እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው።

ከአዳራሽ ወጥቶ በሣር ላይ ለመጫወት ግን ሁለት የጥበብ ሥራዎች ይቀድሙ ዘንድ ግድ ነበር። አንደኛው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1830 ዓ.ም. የፈለሰፈው የሣር ማጨጃ መኪና ነው። በእርሱ ምክንያት ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተስተካከለ። ሁለተኛው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር በ1839 ዓ.ም. ጎማን ከድኝ ጋራ በእሳት አዋሕዶ የሚያጠነክርበትን ዘዴ ማግኘቱ ነው። ከዚህ በኋላ ውስጡ ባዶ ሆኖ በሣር ላይ የሚነጥር የጎማ ኳስ ለመሥራት ተቻለ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ጨዋታ እንኳ ያለ ኬሚስትሪና ያለ መካኒክ እንደማይወለድ ነው።

በ1860ዎቹ ዓመታት በበርሚንግሃም ከተማ ሀሪ ጄምና አውጉሪዮ ፔሬራ የተባሉ ሁለት ወዳጆች በሣር ላይ መጫወት ጀመሩ። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ ሻለቃ ዋልተር ዊንግፊልድ ብልህ ሐሳብ አሰቡ። ራኬቱን፣ ኳሱን፣ መረቡንና የጨዋታውን ሕግ የያዘ መጽሐፍ በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርገው ለሽያጭ አቀረቡ። ሣጥኑን የገዛ ሰው በየትም አገር ቢሆን ከፍቶ፣ አንብቦ መጫወት ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነገር ልብ በል። ቴኒስን ከአገር አገር ያደረሰው ጕልበት የራኬቱ ብቻ አይደለም፤ በሣጥኑ ውስጥ የነበረችው የሕግ መጽሐፍ ናት።

በ1877 ዓ.ም. ያን ጊዜ በሎንዶን አጠገብ በነበረችው በዊምብልደን ያለው ክለብ የመጀመሪያውን ውድድር አደረገ። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ ክለቡ የሣር መዳመጫውን ለማስጠገን ገንዘብ አጥቶ ነበር። 22 ሰዎች ተመዘገቡ፤ በፍጻሜውም ቀን 200 የሚሆኑ ተመልካቾች ተገኙ፤ ስፔንሰር ጎር የተባለው ሰው አሸነፈ። ያን ጊዜ የተወሰነው የሜዳ ልክ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ቈይቷል። ርዝመቱ 23.77 ሜትር፣ ስፋቱ ለነጠላ ተጫዋቾች 8.23 ሜትር ነው። ለጥንድ ተጫዋቾች ስፋቱ 10.97 ሜትር ይሆናል። መረቡም ዛሬ በመካከሉ 91.4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ነጥቡ 15፣ 30፣ 40 እየተባለ መቈጠሩ ከጥንቱ የፈረንሳይ ጨዋታ የተወረሰ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች 40 እኩል ከደረሱ፣ አንዱ በሁለት ነጥብ እስኪበልጥ ድረስ ያ ጨዋታ አያልቅም። በዕድል ብቻ ማሸነፍ እንዳይኖር ይህ ጥሩ ዘዴ ነው።

በ1884 ዓ.ም. ሴቶች በዊምብልደን መወዳደር ጀመሩ፤ የመጀመሪያዋም ባለ ድል ሞድ ዋትሰን ናት። በዚህ ረገድ ቴኒስ የእኛን ገና ቀድሞታል። የገና ሜዳ ሎሌውን ከጌታው ጋራ ቢያስተካክልም ለወንዶች ብቻ ሆኖ ኖሯልና። የክበባችን እኅቶች ይህ ነገር ሳይጻፍ እንዳይቀር አሳስበውናል፤ ማሳሰባቸውም ትክክል ነው።

ነገር ግን የቴኒስ በር ለሴቶች ሲከፈት ለጥቁር ሕዝብ እንደ ተዘጋ ነበረ። በአሜሪካ ጥቁሮች በትልቁ የአገሪቱ ውድድር አይገቡም ነበር። አልቲያ ጊብሰን በኒው ዮርክ ከተማ በሐርለም ሰፈር ያደገች ልጅ ናት። ማንም የማይስተው ችሎታ እያላት በሩ ተዘጋባት። ያን ጊዜ አሊስ ማርብል የተባለች ስመ ጥር ነጭ ተጫዋች በ1950 ዓ.ም. በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ደብዳቤ ጽፋ፣ ይህ አድራጎት ለጨዋታው ነውር መሆኑን በግልጽ ተናገረች። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አልቲያ ጊብሰን ገብታ ተጫወተች። በ1956 ዓ.ም. የፈረንሳይን፣ በ1957 እና በ1958 ዓ.ም. የዊምብልደንንና የአሜሪካን ውድድሮች አሸነፈች። የ1957ቱን የዊምብልደን ዋንጫ የተቀበለችው ከንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ እጅ ነው። መጽሔት ላይ መጻፍ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ከእርሷ በኋላ የመጣው አርተር አሽ ነው። በ1943 ዓ.ም. በሪችመንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥቁሮች መናፈሻ ጠባቂ ስለ ነበሩ በግቢው ካለው የቴኒስ ሜዳ አጠገብ አደገ። ከነጮቹ ሜዳ ግን ይከለከል ነበር። አልቲያንም እርሱንም ያሠለጠኑት ዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን የተባሉ ጥቁር ሐኪም ናቸው። በቤታቸው ግቢ ሜዳ አበጅተው የድኻ ልጆችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። አርተር አሽ በ1968 ዓ.ም. የአሜሪካን ውድድር፣ በ1975 ዓ.ም. ዊምብልደንን አሸነፈ። በ1971 ዓ.ም. ካሜሩንን በጐበኘ ጊዜ በያውንዴ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ሲጫወት አየ። ችሎታውን ተረድቶ ራኬቱን ሰጠው፤ ለፈረንሳይ የቴኒስ ሹማምንትም ስለ ልጁ ነገራቸው። ያ ልጅ ያኒክ ኖኣ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. የፈረንሳይን ውድድር አሸነፈ። አንድ ራኬትና አንድ በጎ ቃል የልጅን ዕድል ምን ያህል እንደሚለውጡ ከዚህ የበለጠ ምስክር አንሻም።

በአፍሪካም ሌላ ትግል ነበር። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይጫወት ከልክሎ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር በካርቱም ሲመሠርቱ፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም ስላለ ከመጀመሪያው ዋንጫ ውድድር ውጭ ሆነ። ከ1972 እስከ 1987 ዓ.ም. ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይህን የዘር መድልዎ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተቃውመዋል። በቴኒስም በኩል በ1974 ዓ.ም. ሕንድ ለዴቪስ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ ሳለች፣ ተጋጣሚዋ ደቡብ አፍሪካ በመሆኑ አልጫወትም ብላ ዋንጫውን ተወች። ዋንጫ ትቶ ክብርን መያዝም በታሪክ ሲጻፍ ድል ነው። በዘመናችን ደግሞ ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃበር በ2022 እና በ2023 ዓ.ም. ለዊምብልደን ፍጻሜ ደርሳ የአፍሪካን ስም አስጠርታለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቴኒስ በመጀመሪያ የታየው በአዲስ አበባ በውጭ አገር ሰዎች ግቢ ነው። የሌጋሲዮን ሹማምንት በግቢያቸው ሜዳ አበጅተው ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ወደ ክለቦችና ወደ ትልልቅ ተቋማት ተዛመተ፤ ፌዴሬሽንም ተቋቋመለት። ይሁን እንጂ የቴኒስ ሜዳ በከተማ፣ ያውም በአጥር ውስጥ የሚገኝ ነገር ሆኖ ቈየ። በአዲስ አበባ ሜዳዎች ኳስ ለቃሚ ሆነው የጀመሩ የድኻ ልጆች ከጊዜ በኋላ ጐበዝ ተጫዋችና አሠልጣኝ ለመሆን በቅተዋል። እነዚህ ልጆች በትምህርት ቤታቸው ሜዳ ቢያገኙ ኖሮ የሌላውን ሰው ኳስ እየለቀሙ መንገዱን መጀመር ባላስፈለጋቸውም ነበር። የጠረጴዛ ቴኒስ ግን ከዚህ ይልቅ ለሕዝብ ቀርቧል። በየከተማው በመንገድ ዳር ሳይቀር ልጆች ሲጫወቱት ይታያል፤ ጠረጴዛው ርካሽ፣ ስፍራውም ጠባብ ነውና።

በእኛ በደጋ አገር የሜዳ ቴኒስን መጫወት የራሱ ጠባይ አለው። የሕጉ መጽሐፍ እንደሚያዘው የቴኒስ ኳስ ክብደቱ ከ56 እስከ 59.4 ግራም ነው። ከ254 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር መንጠር አለበት። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል። በኳሱ ውስጥ የታመቀው አየር ከውጭ የሚገፋው ስለሚያንስ ኳሱ ከልክ በላይ ይነጥራል፤ በጕዞውም የሚያግደው አየር ስለሚያንስ ይፈጥናል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ ሕግ ከ1219 ሜትር በላይ ከፍታ ላለው አገር የተለየ ኳስ ፈቅዷል። መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ናትና ይህ ሕግ እንደ እኛ ላለው አገር የወጣ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ግን ያው ኳስ ሲሰንፍበት ያያል። የፊዚክስ መምህሮቻችን ይህን በክፍል ውስጥ ቢያሳዩን ትምህርቱ ከነጨዋታው ይገባናል።

እንግዲህ ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ ሚዛን እናስቀምጣቸው። ቴኒስ መጽሐፍ ነበረው፤ ርኅራኄ ግን ዘግይቶ መጣለት። በዊምብልደን የመጀመሪያው ውድድር ከተደረገ በኋላ አንዲት ጥቁር ሴት ዋንጫውን እስክታነሣ 80 ዓመት አልፏል። ገና ደግሞ ጌታውንና ሎሌውን በአንድ ሜዳ ያዋለ ጨዋታ ነበረ፤ መጽሐፍ ግን አልነበረውም። በቅርቡ ዘመን የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና ሕግ አውጥቶለት፣ ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋራ በክልሎች መካከል ሲያወዳድር ቈይቷል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም የየአገሩ አጨዋወት፣ የየመንደሩ የዳኝነት ሥርዓትና ስም በዚያ አጭር ሕግ ውስጥ ሁሉ አይገባም። ከማሻ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ የሚገኙ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ከእነርሱ በቀር ሊነግረን የሚችል የለም።

ስለዚህ እኛ ለትምህርት ቤታችን ሁለት ነገር እንለምናለን። የመጀመሪያው ከሜዳችን አንድ ወገን ለቴኒስ እንዲሰመር ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የተደመደመ አፈር፣ የኖራ መስመርና በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ ገመድ ለመጀመሪያ ይበቃል። ራኬት እስኪገኝም ከእንጨት የተጠረበ መምቻ ያገለግላል። ሜዳው ሲሰመር ግን ለወንዱም ለሴቷም፣ ለከተማው ልጅም ከገጠር ቤት ተከራይቶ ለሚማረውም እኩል ይሁን። ሁለተኛው ልመናችን ለወላጆቻችን ነው። በዚህ ዓመት ለበዓል ወደ ቤታችን ስንመለስ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንመጣለንና፣ አያቶቻችን የገናን ጨዋታ ሕግ፣ የዱላውን አቈራረጥ፣ የጥንጉን አሠራር፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኙበትን መንገድ ይንገሩን። የክበባችን አባሎች በየቀበሌያቸው የሰሙትን ጽፈው፣ የተናጋሪውን መንደር መዝግበው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጣሉ።

ሻለቃ ዊንግፊልድ ሕጋቸውን በሣጥን አድርገው ወደ ዓለም ላኩ። የእኛ ሣጥን ባዶውን ነው፤ የሚሞላውም ዕቃ በአያቶቻችን አፍ ውስጥ አለ። የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ ያልጠየቀ ትውልድ ኋላ ለመጻፍ ቢነሣ ምን ብሎ ይጽፋል? እኛ ግን ዛሬ በእጃችን ብዕር አለ፤ በአጠገባችንም የሚነግሩን ሽማግሌዎች አሉ። ትምህርት ቤታችን የሚቀጥለውን በዓሉን ሲያከብር፣ በሜዳው ላይ ራኬትና የገና ዱላ ጎን ለጎን እንዲታዩ፣ በቤተ መጻሕፍቱም የሁለቱም ሕግ ተጽፎ እንዲገኝ ምኞታችን ነው።